ነጻ ኮድ በባለመብት አካል ላይ ሲቆም፦ ስለ ሶፍትዌር ጥቅል አዘገጃጀት አጭር ጥናት

መግቢያ

አንድ ሶፍትዌር ክፍት ምንጭ መሆኑን ለማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ከኮዱ ጋር የተቀመጠውን የፈቃድ ፋይል ነው። በፋይሉ ላይ ጂፒኤል፣ ኤምአይቲ ወይም አፓቼ የሚል ስም ካገኘ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ፕሮግራም ብቻውን ቆሞ የሚሠራበት ጊዜ ጥቂት ነው። ላይብረሪ ይጠራል፤ ፎንት ይጠቀማል፤ ሥዕልና ድምፅ ይከፍታል፤ አንዳንዴም በሌላ ተቋም የሠለጠነ ሞዴል ያነባል። ከእነዚህ አካላት አንዱ ባለመብቱ እንዲባዛና እንዲሰራጭ ያልፈቀደው ሆኖ ሲገኝ፣ ነጻ የተባለው ኮድ ተጠቃሚው ዘንድ የሚደርሰው ከሁለት በአንዱ መልክ ነው፤ ወይ ጎዶሎ ሆኖ አይሠራም፤ ወይም ያልተፈቀደ ቅጂ ይዞ ይሠራል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሶፍትዌርን ነጻነት በተግባር የሚወስነው የኮዱ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ኮዱ የተደገፈበት አካል ፈቃድም ነው የሚል ነው። ይህን ገልጦ የሚያሳየው ደግሞ ጥቅል የማዘጋጀት ሥራ ነው። ኮዱን የጻፈው ሰው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ቀድሞ የተጫነውን ሁሉ እንደ አየር ሊቆጥረው ይችላል። ጥቅል አዘጋጁ ግን ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን አካላት አንድ በአንድ በስም መመዝገብ አለበት፤ በሕግ ፊትም የሚያባዛውና የሚያሰራጨው እርሱ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከሁሉ በፊት የሚወድቀው በእርሱ ላይ ነው።

አንድ የቃል ነገር አስቀድሞ መስተካከል ይኖርበታል። «የቅጂ መብት ያለበት አካል» የሚለው አነጋገር ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የቅጂ መብት የሌለበት ያስመስላል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ጂፒኤልን የመሰሉ ፈቃዶች ጉልበት የሚያገኙት ከቅጂ መብት ነው፤ መብቱ ባይኖር ኖሮ ሁኔታ የሚያስቀምጥ ሰው አይኖርም ነበር። በኢትዮጵያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ይቆጥራል። ስለዚህ ልዩነቱ መብት ባለውና በሌለው መካከል አይደለም፤ ባለመብቱ ማባዛትን፣ ማሻሻልንና ማሰራጨትን ለሁሉም በፈቀደበትና ባልፈቀደበት መካከል ነው። በዚህ ጽሑፍ «የተከለለ አካል» የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው። ከአዋጁ ዓመት በቀር በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጥገኝነት የሚለይ ክፍል

ለምርመራው የተመረጠው ምሳሌ ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ነው። ምክንያቱም ደንቡ በጽሑፍ የሰፈረ፣ ውሳኔዎቹም ለሕዝብ የተገለጡ በመሆናቸው ነው። ዴቢያን በሐምሌ 1997 ማኅበራዊ ውል የሚባለውን ሰነዱንና ከእርሱ ጋር የነጻ ሶፍትዌር መመሪያዎቹን አጸደቀ። በቀጣዩ ዓመት የተቋቋመው የክፍት ምንጭ ተቋም (ኦኤስአይ) የክፍት ምንጭን ፍቺ ያወጣው ከእነዚሁ መመሪያዎች ነው፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ «ክፍት ምንጭ» ሲባል የሚታሰበው መለኪያ በመሠረቱ ለአንድ ስርጭት ጥቅሎች መምረጫ የተጻፈ ነበር ማለት ነው።

የዴቢያን ማከማቻ በክፍሎች የተለየ ነው። በዋናው ክፍል የሚገባው መመሪያዎቹን የሚያሟላ ሶፍትዌር ነው። መመሪያዎቹን የማያሟላ፣ ነገር ግን ለማሰራጨት ፈቃድ ያለው፣ «ነጻ ያልሆነ» በሚባለው ክፍል ይቀመጣል። ከእነዚህ ሁለቱ ይልቅ ለዚህ ጥናት የሚጠቅመው «ኮንትሪብ» የሚባለው ሦስተኛው ክፍል ነው። በኮንትሪብ ያለ ጥቅል የራሱ ኮድ ነጻ ነው፤ በፈቃዱ ረገድ ዋናው ክፍል ውስጥ ካለ ጥቅል አይለይም። የሚለየው ለመገንባት ወይም ለመሥራት ከዋናው ክፍል ውጪ የሆነ ነገር ስለሚፈልግ ብቻ ነው። ይህ ክፍል መኖሩ አንድን ሐሳብ በማከማቻ አወቃቀር ላይ ጽፎ አስቀምጧል፤ የፈቃድ ጥያቄና የጥገኝነት ጥያቄ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ደንቡ ጥገኝነትን በደረጃ ይከፍላል። አንድ ጥቅል ሌላውን «እፈልገዋለሁ»፣ «ቢኖር ይመከራል» ወይም «ሊጠቅም ይችላል» ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። በዋናው ክፍል ያለ ጥቅል ከክፍሉ ውጪ ያለን ነገር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች መጥራት አይፈቀድለትም፤ በሦስተኛው ግን ይችላል። መስመሩ የተሰመረው በዘፈቀደ አይደለም። በተለመደው አሠራር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከተጠቃሚው ሌላ ትእዛዝ ሳይጠበቅ ይጫናሉ፤ ሦስተኛው ግን ተጠቃሚው ራሱ ሲመርጥ ብቻ ነው። እንግዲህ አንዲት ቃል ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ስትዛወር የጥቅሉ ክፍል ይለወጣል። ጀማሪ ጥቅል አዘጋጆች ይህን እንደ ቢሮ ወግ ያዩታል፤ ነገር ግን መስመሩ የሚመልሰው ጥያቄ መሠረታዊ ነው፤ የተከለለው አካል ቢወገድ ከፕሮግራሙ የሚረባ ነገር ይቀራል ወይ?

ኬዲኢና ኪውት፦ የማያያዝ ችግር

የተከለለ አካል ከነጻ ኮድ ጋር የሚገናኝበት ጥብቅ መንገድ ኮዶቹ ተያይዘው አንድ ፕሮግራም ሲሆኑ ነው። የዚህ ምሳሌ በ1996 ማቲያስ ኤትሪክ የጀመረው ኬዲኢ ነው። ኬዲኢ ለሊኑክስና ለመሰሎቹ ሙሉ የዴስክቶፕ ገጽታ ለመስጠት የተነሣ ሥራ ሲሆን ኮዱ በአብዛኛው በጂፒኤል ተለቀቀ። መስኮቶቹንና ቁልፎቹን የሚሥልለት ግን ትሮልቴክ የተባለው የኖርዌይ ኩባንያ ንብረት የሆነው ኪውት ላይብረሪ ነበር። ኩባንያው ነጻ ሶፍትዌር ለሚጽፉ ሰዎች ኪውትን ያለ ክፍያ ሰጥቷል፤ ነገር ግን ተሻሽሎ እንዲሰራጭ አልፈቀደም።

ጂፒኤል ደግሞ አንድ ሰው የተያያዘውን ፕሮግራም ሲያሰራጭ ሙሉው ሥራ በጂፒኤል ሁኔታዎች እንዲሰጥ ያዛል። የኪውት ፈቃድ ይህን አይቀበልም። በጂፒኤል ሁለተኛ ስሪት ውስጥ ከስርዓተ ክወናው ጋር ዘወትር ለሚመጡ ዋና ዋና አካላት የተተወ ልዩ ሁኔታ አለ፤ ሆኖም አካሉ ራሱ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ሲሰራጭ ልዩ ሁኔታው አይሠራም። ከዚህ የሚወጣው ውጤት እንግዳ ነው። ኪውት የስርዓቱ ክፍል ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ኬዲኢን ለብቻው ቢያሰራጭ የሚደገፍበት ሐረግ ሊያገኝ ይችላል፤ ኬዲኢንና ኪውትን በአንድ ማከማቻ ጎን ለጎን የሚያቀርብ ስርጭት ግን ያን መንገድ አጥቷል። ይኸው ኮድና ይኸው ላይብረሪ በማን እጅ አብረው እንደሚጓዙ ብቻ ሕጋዊነታቸው ይለዋወጣል። ጥቅል አዘጋጅ ከፕሮግራም ጸሐፊ ይልቅ ፈቃድ የሚያነበው ለዚህ ነው።

የኬዲኢ ጸሐፊዎች ኮዳቸው ከኪውት ጋር እንዲያያዝ እንደፈለጉ ግልጽ ነው፤ ራሳቸው ለኪውት ጽፈውታልና። ስለዚህ ለራሳቸው ኮድ ፈቃዳቸው በዝምታ እንደተሰጠ ሊቆጠር ይችል ነበር። ነገር ግን ከሌሎች የጂፒኤል ፕሮግራሞች የተወሰደ ኮድም በኬዲኢ ውስጥ ነበረ፤ የዚያ ኮድ ባለቤቶች እንዲህ ያለ ፈቃድ አልሰጡም። በጥቅምት 1998 ዴቢያን ኬዲኢን ከማከማቻው አወጣ። ብዙ ተጠቃሚ ያለውን፣ ምንጩ ሁሉ የተገለጠውን፣ ያለ ክፍያ የሚገኘውን ሶፍትዌር ማውጣት በጊዜው ለብዙዎች ግትርነት መስሎ ታይቷል። ውሳኔው ግን ከሌሎች ግፊቶች ጋር ሆኖ ፍሬ አፍርቷል። በነሐሴ 1997 በተከለለ ላይብረሪ ላይ ያልቆመ ዴስክቶፕ ለመሥራት ግኖም ተጀምሮ ነበር፤ ሃርመኒ የተባለ ሌላ ሥራም ኪውትን የሚተካ ነጻ ላይብረሪ ለመጻፍ ተነሥቶ ነበር። ትሮልቴክ በ1999 ሁለተኛውን የኪውት ስሪት ኪውፒኤል በተባለ አዲስ ፈቃድ ለቀቀ።

ኪውፒኤል በዴቢያን መመሪያዎች መሠረት ነጻ ፈቃድ ነበር። ሆኖም ከጂፒኤል ጋር አይጣጣምም። ኪውት ነጻ ሆኖ ሳለ ኬዲኢን ማሰራጨት አሁንም ችግር ነበረበት። ሁለት ነጻ ፈቃዶች እያንዳንዳቸው ያለ እንከን ሆነው አብረው ሲያያዙ ሊጋጩ ይችላሉ፤ ይህ ዛሬም ተማሪዎች በብዛት የሚስቱት ነጥብ ነው። ችግሩ የተፈታው በመስከረም 2000 ኪውት በጂፒኤል ጭምር ሲለቀቅ ነው። ከዚያ በኋላ ኬዲኢ ወደ ዴቢያን ገባ።

ዱም፦ ሞተሩና ዳታው

በሁለተኛው ዓይነት ግንኙነት ኮዱና የተከለለው አካል አይያያዙም፤ ፕሮግራሙ አካሉን እንደ ፋይል ከፍቶ ያነበዋል። ዱም የተባለው ጨዋታ የዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አይዲ ሶፍትዌር ጨዋታውን ያወጣው በታኅሣሥ 1993 ነበር። ሲሠራ ጀምሮ ኮዱን፣ ማለትም ሞተሩን፣ ከሥዕሉ፣ ከድምፁና ከመድረኮቹ ለይቶ ዳታውን ሁሉ ዋድ በሚባል ፋይል አስቀመጠው። በታኅሣሥ 1997 ጆን ካርማክ የሞተሩን ምንጭ ኮድ ለሕዝብ ለቀቀ፤ በመጀመሪያ ንግድን በሚከለክል ፈቃድ፣ በ1999 ደግሞ በጂፒኤል።

በዚያ ልቀት ውስጥ ለዚህ ጥናት እጅግ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። የተለቀቀው የዶስ ስሪት ሳይሆን የሊኑክስ ስሪት ነበር። የዶሱ ጨዋታ ከሌላ ወገን የተገዛ የድምፅ ላይብረሪ ይጠቀም ስለነበር ኩባንያው ያን ኮድ የመልቀቅ መብት አልነበረውም፤ ካርማክም ከልቀቱ ጋር ባያያዘው ማስታወሻ ላይብረሪውን መጠቀሙ ስሕተት እንደነበር ገልጿል። የራሱን ሥራ ለሕዝብ ለመስጠት የወሰነ ባለመብት እንኳ ከዓመታት በፊት በገባበት ጥገኝነት ሊታሰር ይችላል። አካሉ ሲመረጥ ማንም ስለ ምንጭ ኮድ ልቀት አላሰበም፤ ዋጋው የተከፈለው ኋላ ነው።

ሞተሩ ጂፒኤል ሲሆን ዳታው ግን የአይዲ ሶፍትዌር ንብረት እንደሆነ ቀረ። ለሙከራ የተሰጠው የመጀመሪያው ክፍል ዳታ ሳይለወጥ እንዲሰራጭ ስለተፈቀደ በዴቢያን «ነጻ ያልሆነ» ክፍል ሊቀመጥ ችሏል፤ የሚሸጠው ዳታ ግን በየትኛውም ክፍል ሊገባ አይችልም። ታዲያ ሞተሩ የት ይቀመጥ? በደንቡ መሠረት የሚከፍተው ዳታ ሁሉ የተከለለ ከሆነ ቦታው ኮንትሪብ ነው። ነገር ግን ፍሪዱም በተባለው የጋራ ሥራ በጎ ፈቃደኞች ሥዕሎቹን፣ ድምፆቹንና መድረኮቹን ከባዶ ሠርተው በነጻ ፈቃድ አቀረቡ። ፍሪዱም በዋናው ክፍል ስለሚገኝ ቾኮሌት ዱምን የመሰሉ የዱም ሞተሮችም በዋናው ክፍል ሊቀመጡ ችለዋል። ተጠቃሚው የገዛውን ኦርጅናል ዳታ ሊያስገባበት ቢችልም፣ ሞተሩ ያለዚያ ዳታ የሚያደርገው ነገር አለው።

በ2005 ምንጩ የተለቀቀው የኩዌክ ሦስተኛ ጨዋታ ይህንኑ ይበልጥ ያጠራዋል። አይኦኩዌክ3 የተባለው ሞተር ኦፕንአሬና የተባለ ነጻ ጨዋታ ስለሚጠቀምበት በዋናው ክፍል ነው። በዚያው ሞተር ላይ ተደግፎ የኩባንያውን ጨዋታ ብቻ የሚያስነሣው ትንሽ ጥቅል ደግሞ በኮንትሪብ ነው። ይህ ጥቅል ጥቂት ፋይሎች ብቻ የያዘ፣ ፈቃዱም ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፤ ያለ ተከለለው ዳታ ግን ትርጉም የለውም።

ገዢው በእጁ ላለው ዳታ የተዘጋጀ ሌላ መሣሪያም አለ። ጌም ዳታ ፓኬጀር የሚባለው ይህ ፕሮግራም ተጠቃሚው ከገዛው ዲስክ ወይም ካወረደው ቅጂ ፋይሎቹን ያነባል፤ ትክክለኛነታቸውን ይፈትሻል፤ ከዚያም በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ጥቅል ይሠራል። ስርጭቱ የተከለለውን አካል አንድም ጊዜ አልነካም፤ ተጠቃሚውም ስርዓቱ የሚያውቀውና ሲፈልግ በሥርዓት የሚያስወግደው ጥቅል አገኘ። መሣሪያው ራሱ በኮንትሪብ ነው፤ ይህም ትክክለኛ ቦታው ነው።

አካሉን ሄዶ የሚያመጣ ጥቅል

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል፣ ነገር ግን ደካማ የሆነ መንገድ በራሱ ባዶ ሆኖ ሲጫን የተከለለውን ፋይል ከሩቅ ሰርቨር የሚያወርድ ጥቅል ነው። ማይክሮሶፍት ከ1996 ጀምሮ ኤሪያል፣ ታይምስ ኒው ሮማን፣ ቨርዳናና ጆርጂያን የመሰሉ ፎንቶችን ለድረ ገጽ ጥቅም በነጻ አቀረበ፤ በ2002 ከገጹ አነሣቸው። ቀድሞ የወጡት ቅጂዎች ፈቃድ ግን ፋይሎቹ በመጀመሪያ መልካቸው፣ ማለትም በዊንዶውስ መጫኛ ፋይል እንደታሸጉ፣ እንዲሰራጩ ይፈቅዳል። ጥቅል አዘጋጁ ፎንቶቹን ከእሽጉ አውጥቶ በሊኑክስ ጥቅል መልክ ቢያቀርባቸው ፈቃዱን ይጥሳል። ስለዚህ በኮንትሪብ ያለው ጥቅል የያዘው የማውረጃ ስክሪፕት ብቻ ነው። ስክሪፕቱ ፈቃዱን ለተጠቃሚው ያሳያል፤ ሲስማማ እሽጎቹን ያወርዳል፤ ማረጋገጫ ቁጥራቸውን ያመሳክራል፤ ከዚያም እዚያው በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ይፈታቸዋል።

በሕግ ረገድ ይህ ንጹሕ መንገድ ነው። በዘላቂነት ረገድ ግን ጥቅሉ የሚሠራው ሌላው ወገን ፋይሉን በቦታው እስካቆየ ድረስ ብቻ ነው። የአዶቢ ፍላሽን የሚያወርደው የዴቢያን ጥቅልም በኮንትሪብ ነበረ፤ ኩባንያው በታኅሣሥ 2020 መጨረሻ ፍላሽን ሲያቋርጥ ጥቅሉ የሚያወርደው ነገር አጣ። ለማሰራጨት ግልጽ ፈቃድ ማግኘትም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይደለም። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ2006 የሊኑክስ ስርጭቶች ጃቫን በማከማቻቸው እንዲያቀርቡ ልዩ ፈቃድ አወጣ፤ ሰንን የገዛው ኦራክል በ2011 ያን ፈቃድ አቋረጠው። ስርጭቶቹ ለአዲስ ስሪት ፈቃድ ሳይኖራቸው የጸጥታ ቀዳዳ የተገኘበትን አሮጌ ስሪት ይዘው ከመቆየትና ጥቅሉን ከማውጣት አንዱን መምረጥ ነበረባቸው።

የዲቪዲ ምስጢራዊ ኮድ የሚፈታው ላይብረሪ ከዚህ ሁሉ በተቃራኒ የቆመ ነው። ሊብዲቪዲሲኤስኤስ በጂፒኤል የተለቀቀ ነጻ ኮድ ነው፤ የማንም የተከለለ አካል የለበትም። ችግሩ በአንዳንድ አገሮች የቅጂ መጠበቂያ ቁልፍን መስበር በሕግ መከልከሉ ነው። ዴቢያንም ላይብረሪውን በማከማቻው አላስገባም፤ ምንጩን አውርዶ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ የሚገነባ ጥቅል ብቻ በኮንትሪብ አስቀምጧል። ከውጭ ሲታይ ከፎንቶቹ ጥቅል ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ፍጹም የተለየ ነው። የፈቃድ ምርመራ የሚያደርግ ተማሪ ሁለቱን እንዳያደባልቃቸው ያስፈልጋል።

መተካት

የሚጸናው መፍትሔ የተከለለውን አካል በነጻ አካል መተካት ነው። ሥራው ከባድ ቢሆንም ወሰኑ ሲለካ ብዙ ጊዜ ከሚፈራው ያንሳል። ሰን በኅዳር 2006 ጃቫን በጂፒኤል እንደሚለቅ አስታወቀ፤ በግንቦት 2007 ኦፕንጄዲኬ ሲወጣ ከኮዱ 4 በመቶ ያህሉ የሌሎች ወገኖች በመሆኑ ሊለቀቅ አልቻለም። ከዚያ ውስጥ ፎንት የሚሥለው፣ ቀለም የሚያስተካክለውና ድምፅ የሚያቀናብረው ክፍል ይገኙበት ነበር። 4 በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ያለ እርሱ ቀሪው 96 በመቶ ሙሉ ጃቫ ሆኖ በነጻ አካላት ብቻ ሊገነባ አልቻለም። ሬድ ሃት በሰኔ 2007 የጀመረው አይስድቲ የተባለው ሥራ ክፍተቶቹን በነጻ ኮድ ሞላቸው፤ ፎንት ለመሣል ፍሪታይፕ፣ ለቀለም ደግሞ ሊትልሲኤምኤስ ተተኩ። በዓመቱ፣ በሰኔ 2008፣ በአይስድቲ የተገነባው ጃቫ የተኳኋኝነት ፈተናውን አለፈ።

ውጤቱ ከጃቫ ራሱ አልፎ ሄዷል። በጃቫ የተጻፉ በርካታ ፕሮግራሞች የራሳቸው ፈቃድ ነጻ ሆኖ ሳለ ያለ ሰን ጃቫ ስለማይሠሩ በኮንትሪብ ተቀምጠው ነበር። ነጻ ጃቫ ሲገኝ ከኮዳቸው አንድ መስመር ሳይለወጥ ወደ ዋናው ክፍል ለመዛወር በቁ። ፎንትን በተመለከተም ሬድ ሃት በ2007 ያወጣቸው የሊበሬሽን ፎንቶች ከኤሪያል፣ ከታይምስ ኒው ሮማንና ከኩሪየር ኒው ጋር የፊደል ስፋታቸው እኩል ነው። መልካቸው የተለየ ነው፤ ስፋቱ ስለሚገጥም ግን በእነዚያ ፎንቶች የተዘጋጀ ሰነድ መስመሩና ገጹ ሳይዛባ ይከፈታል። ተኪው ኦርጅናሉን መምሰል ያለበት ፕሮግራሙ ወይም ሰነዱ በሚደገፍበት ባሕርይ ብቻ ነው፤ ያን ባሕርይ ለይቶ ማወቅ ለተኪ ሥራ ግማሽ መንገድ ነው።

የአማርኛ ሶፍትዌርና የምርምር ውጤቶች

ይህ ሁሉ ለአማርኛ የኮምፒውተር ሥራ ሩቅ አይደለም። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ ፎንት በብዙ የአማርኛ ሰነድ ውስጥ ይገኛል፤ ፈቃዱ ግን የዊንዶውስ ክፍል ሆኖ የተሰጠ ነው። አንድ ተማሪ የአማርኛ ጽሑፍ አዘጋጅ ሠርቶ በኤምአይቲ ፈቃድ ሲለቅ የፎንቱን ፋይል ከኮዱ ጋር በአንድ ማኅደር ቢያስቀምጥ፣ ለማሰራጨት ያልተፈቀደለትን አካል ማሰራጨቱ ነው። በላዩ ያለው የኤምአይቲ ፋይል ለፎንቱ ምንም አያደርግለትም፤ ይባስ ብሎ ፎንቱም በኤምአይቲ የተሰጠ አስመስሎ ተቀባዩን ያሳስታል። እዚህ ላይ መተካት ቀላል ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል በክፍት የፎንት ፈቃድ የተለቀቀ፣ በዴቢያን ዋናው ክፍል የሚገኝ የግዕዝ ፊደል ፎንት ነው። ፈቃዱ ፎንቱ ከሶፍትዌር ጋር ታሽጎ እንዲሰራጭ አልፎም እንዲሸጥ ይፈቅዳል፤ ፎንቱ ለብቻው እንዲሸጥ ግን አይፈቅድም። ፎንቱ የተጠበቀ ስም ካለው ደግሞ ያሻሻለው ሰው ስሙን መለወጥ አለበት።

ከፎንት ይልቅ የሚረቀው የድሮዎቹ የጽሑፍ ስርዓቶች ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ስሪት ከመግባቱ በፊትና ከገባም በኋላ ለብዙ ጊዜ ብዙ የአማርኛ ጽሑፍ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ዓይነት የንግድ ፎንቶች ተጽፏል። ያን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ ፕሮግራም የሚያስፈልገው የትኛው ቁጥር የትኛውን ፊደል እንደሚወክል የሚያሳይ ሰንጠረዥ ነው እንጂ ፎንቱ አይደለም። ፎንቱ ሊያስፈልግ የሚችለው ለውጡ ትክክል መሆኑን በዓይን ለማመሳከር ነው። እንግዲህ ፕሮግራሙ ራሱ በዋናው ክፍል ሊቀመጥ የሚችል ሲሆን ሲገነባ በሚካሄደው ፈተና ውስጥ የንግዱን ፎንት ቢጠራ ግን ያን ዕድል ያጣል፤ ለመገንባት የሚያስፈልግ ነገርም እንደ ጥገኝነት ይቆጠራልና። መፍትሔው ፈተናውን በፊደል ቁጥር ንጽጽር መተካት ነው።

ዛሬ ይህ ጥያቄ በጎላ መልኩ የሚነሣው በሠለጠኑ ሞዴሎች ላይ ነው። ሜታ በሐምሌ 2022 ያወጣው ኤንኤልኤልቢ-200 አማርኛንና ትግርኛን ጨምሮ 200 ቋንቋዎችን ይተረጉማል። ኮዱ በኤምአይቲ ተለቋል፤ የሞዴሉ ክብደቶች ግን ንግድን በሚከለክል የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነው የተሰጡት። የዴቢያን መመሪያም ሆነ የክፍት ምንጭ ፍቺ ሶፍትዌሩ በምን ሥራ እንደሚውል መገደብን ስለማይቀበሉ ክብደቶቹ ነጻ አይባሉም። አቋሙ ከዱም ጋር አንድ ነው፤ ነጻ ሞተርና የተከለለ ዳታ። በዚህ ሞዴል ላይ ብቻ የቆመ የአማርኛ መተርጎሚያ ኮዱ ምንም ያህል ነጻ ቢሆን ቦታው ኮንትሪብ ነው። ኮዱ ሌላ ነጻ ሞዴልም እንዲቀበል ተደርጎ ከተጻፈና እንዲህ ያለ ሞዴል ካለ ግን ጉዳዩ ይለወጣል። ይህን የሚወስነው የንድፍ ምርጫ ስለሆነ ጥናቱ ሲያልቅ ሳይሆን ሲጀመር መታየት አለበት።

ልዩነቱ በመተካት ላይ ይታያል። ለፍሪዱም አንድ ሠዓሊ አንድ ጭራቅ፣ ሌላው አንድ በር ሊሥል ይችል ነበር፤ ሥራው በትናንሽ እጆች ይከፈላል። ሞዴል ግን እንዲህ አይከፈልም፤ በብዛት ትይዩ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ጽሑፉም ባለመብት አለው። በ2019 የቀረበውና በርካታ የአፍሪካ ቋንቋዎችን የያዘው ጄደብሊው300 የተባለ የትይዩ ጽሑፍ ስብስብ ለዝቅተኛ ሀብት ቋንቋዎች ምርምር በሰፊው ካገለገለ በኋላ በቅጂ መብት ምክንያት ኦፐስ ከተባለው ማከማቻ ተነሥቷል። በእርሱ ላይ የሠለጠኑ ሞዴሎችን ውጤት እንደገና ለማረጋገጥ የሚፈልግ ተመራማሪ ዳታውን ከዚያ ቦታ አያገኘውም። የክፍት ምንጭ ተቋሙ በጥቅምት 2024 ባወጣው የክፍት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፍቺ ሙሉውን የማሠልጠኛ ዳታ ሳይሆን ስለ ዳታው በቂ ዝርዝር መረጃ እንዲሰጥ ጠይቋል። በዴቢያን አስተሳሰብ ይህ አጠያያቂ ነው፤ ክብደቶቹ ከምንጭ እንደተገነባ ፕሮግራም የሚታዩ ከሆነ ምንጫቸው ዳታው ነውና። ክብደቶቹ ራሳቸው ሊሻሻሉ የሚችሉ የሥራ ቅርጽ ናቸው የሚለው ወገን ደግሞ አንድን ሞዴል ለአዲስ ቋንቋ ማስተካከል የመጀመሪያውን ዳታ እንደማይጠይቅ ያስረዳል። ሁለቱም አቋሞች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ በመመረቂያ ጽሑፍ አባሪ ላይ የኮዱ ፈቃድ ብቻ ተጽፎ የክብደቶቹና የዳታው ፈቃድ ሳይጻፍ ከቀረ፣ ሥራውን የሚረከበው ሰው የተሰጠውን ነገር ምንነት አያውቅም።